የመቶ በመቶው ነፃ ትምህርት ምስጋና

ለክቡር አቶ ናም ሳንግቾል
የውጭ አገር ተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ዘንድሮ ከሞንጎሊያ አመልካች የጠፋበትን ምክንያት ስለማስረዳት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ዩኒቨርሲቲው የማስታወቂያ ወረቀት ያብረቅርቅ፤ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ ሶፋ የለሰለሰ ይሁንልዎ። እኔ ተማሪዎ ኦዩንቺሜግ፣ ከወደቡ ንፋስ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ባለፈው ሰኞ በስብሰባ ላይ «ሞንጎሊያኖቹን ምን ነካቸው?» ብለው መጠየቅዎን ሰማሁ። መልሱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ በዚህ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ለማስረዳት ደፈርኩ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ብልህነት ልመስክር። የዳርካን ከተማ በሒሳብ ውድድር አንገቴ ላይ ሜዳሊያ ያጠለቀችልኝ ሰው ነኝ። ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኝ ነበር። የጃፓኑ ምንም አልቀነሰልኝም፤ ግን የሚያስወጣኝን ሁሉ፣ የብስክሌት ማቆሚያውን ሳይቀር፣ በአስቀያሚ ሠንጠረዥ ዘርዝሮ ላከልኝ። የታይዋኑ የትምህርት ክፍያውን ግማሽና አንድ አልጋ ሰጠኝ። የእርስዎ የኮሪያው ደብዳቤ ግን በወርቃማ ማኅተም «መቶ በመቶ» ይላል። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ የእናቴ ሻይ እስኪበርድ እንኳ ሳልጠብቅ ወሰንኩ። የታይዋንን ዕድል የተቀበለችውን ጓደኛዬን ሳራንጎን «ግማሽ» እያልኩ ስቀልድባት፣ «ሳቂ! ግማሹ ግን አልጋ አለው» አለችኝ። አጎቴ በግ አረደ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቡዝ የሚባለውን በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋችንን እየበላ መረቀኝ። ምርቃቱን የት እንዳደረስኩት እነሆ፦

አንደኛ፣ መቶ በመቶው የትምህርት ክፍያ ብቻ፣ እሱም የመጀመሪያው መንፈቅ ብቻ መሆኑ ከደብዳቤው ጀርባ በጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ተጽፎ ነበር። ወረቀት ጀርባ እንዳለው የሒሳብ መምህሮቼ አላስተማሩኝም፤ እርስዎ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ በዶርም መኖርና የዶርሙን ምግብ መብላት ግዴታ ነው፤ ያልበላም ይከፍላል። በበግ ሥጋ ያደገ ሆዴ ኪምቺ የሚባለውን ቃሪያ የበዛበት ኮምጣጣ ጎመን በጠዋቱ ተዋውቆ፣ እሱም የውጭ አገር ተማሪ ሆነ። በተጨማሪም «የዓለም አቀፍ ወዳጅነት መዋጮ» በየመንፈቁ እከፍላለሁ። ወዳጁ እስካሁን አልደረሰኝም፤ በፖስታ ተልኮ ከሆነ ቢያጣሩልኝ።

ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያው መንፈቅ በኋላ ዕድሉ እንዲቀጥል ከፍተኛ ውጤት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ የዶርሙን ለመክፈል ከክፍል በኋላ ሥጋ ቤት የተቃጠለ መጥበሻ ስፈገፍግ እቆይና ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። የምማረው ኢኮኖሚክስ ነው። እንቅልፍ የጣለኝም «በበቂ መረጃ ስለ መምረጥ» በተሰጠው ትምህርት ላይ ነበር። ውጤቴ ለጥቂት ጎደለ፤ መቶ በመቶው ነፃ ትምህርት ሠላሳ በመቶ ሆነ። አባቴ የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ደውሎ «ድምፅሽ ደክሟል። መኪናዋን ልሽጣት እንዴ?» ሲለኝ፣ «ኧረ አባዬ፣ እዚህ ሁሉም በነፃ ነው!» አልኩት። መኪናዋ ከተሸጠች ቤታችን የሚበላው እንደሚያጣ አውቃለሁና።

እንግዲህ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ባለፈው መኸር የቲኬት ወጪዬን ሸፍነው ለኡላንባታሩ የትምህርት አውደ ርዕይ አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱኝ። የራሴ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሎ፣ ከፈገግታዬ በላይ «መቶ በመቶ» ተጽፎበት ጠበቀኝ። ለመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ቃልዎን ሳላዛንፍ ተረጎምኩ። ቀጥሎ አንድ ገጠሬ አባት ሴት ልጁን ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያው አይደለሽ? እውነቱን ንገሪኝ። ከብቶቼን ሸጬ ነው የምልካት» አለኝ።

ልጂቱ «አባ፣ አታሳፍረኝ!» ብላ እጁን ጎተተችው።

እርስዎም በፈገግታ «ምንም እንደማይከፍል ንገሪው» አሉኝ። እኔ ግን በሞንጎልኛ ሌላ ነገር ተናገርኩ፤ ዶርሙን፣ ምግቡን፣ ውጤቱን፣ ሠላሳውን፣ ሁሉንም። «መቶ በመቶ ሲሏችሁ፣ የምኑ? እስከ መቼ? ምን ሲሆን ይቀራል? ብላችሁ ጠይቁ» አልኳቸው። የወዳጅነቱ መዋጮ ላይ ስደርስ ልጂቱ ራሷ በሳቅ ፈረሰች። ሰው ተሰበሰበ።

እርስዎ «ምን ያስቃቸዋል?» ሲሉኝ፣ «በጣም ወደዱት» አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲያ የሠሩትን ውለታ መቼም አልረሳውም፤ ሌሎችም ይስሙ ብለው ማይክሮፎኑን በገዛ እጅዎ አምጥተው ሰጡኝ። እኔም ለአዳራሹ በሙሉ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እርስዎ ከጎኔ ቆመው ራስዎን በአዎንታ ይነቀንቁ ነበር።

ያላየሁት አባቴን ነው። ሊያየኝ ከዳርካን ድረስ መጥቶ፣ የደረቀ እርጎ በከረጢት ይዞ ከኋላ ቆሟል። ሁሉንም ሰማ። ሰዉ ሲበተን ቀረብ ብሎ፣ «ለማያውቁሽ ሰዎች ማይክሮፎን ያዝሽ። ለእኔ ስልክ ከበደሽ?» አለኝ። አፍሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ ግን ከረጢቱን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «በይ ጉንጭሽ ሟሟ፤ መጀመሪያ ብይ። መኪናዋ አትሸጥም፤ አንቺም እዚያ አትቀሪም» አለ። ከዚያም ወደ እርስዎ ዞሮ አጎንብሶ እጅ ነሳ፤ እርስዎም የምስጋና መስሎዎት አጸፋውን መለሱ።

ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንደገና አመለከትኩ። በዚህ ጊዜ ደብዳቤዎቹን ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ከቀጣዩ መንፈቅ ጀምሮ ታይዋን እማራለሁ፤ ግማሹን ተቀብዬ፣ ከሳራንጎ ክፍል በላይ ባለው ፎቅ። በየደረጃው «ግማሽ መጣች!» ብላ እንደምትቀበለኝ ከወዲሁ ነግራኛለች፤ ይገባኛል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የመልቀቂያ ማመልከቻዬም ተደርጎ እንዲታይልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

በከፈልኩት ልክ ከሚያከብርዎ ልብ፣
ኦዩንቺሜግ፣ የዳሽዜቬግ ልጅ
(በአውደ ርዕዩ ፖስተር ላይ ፈገግ ያለችው)

ግልባጭ፦
ለዓለም አቀፍ ወዳጅነት መዋጮ ሰብሳቢ ክፍል፤ ወዳጅ እንደተገኘ ለማሳወቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ወር ወደ ሃኖይ እንደሚሄዱና ቬትናምኛ አስተርጓሚ እየፈለጉ መሆኑን ሰማሁ። የዶርም ጓደኛዬ ቱዪየት ከወዲሁ ዝግጁ ናት። ድምፅዋ ጎላ ያለ ስለሆነ፣ በዚህኛው ጉዞ ማይክሮፎን በማምጣት እንዳይደክሙ ትለምንዎታለች።