አባትሽ የተኙበት መጋዘን

ልጄ ጥሩአየሁ፣ የሞጣው ጊዮርጊስ በሰው አገር ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ቢቸናም ክረምቱ ገብቷል።

ዘሪቱ የምትባል በግብርና ገና የተመረቀች ልጅ በየእህል መደብሩ እየዞረች፣ «እማማ፣ የነቀዝ ክኒኑን ይተዉት፤ ጋዙ ሰውም ይገድላል። አየር የማያስገባ ከረጢት አለ» ትላለች። ከረጢቱን ገዛሁ። ወንድምሽ ዘመነ ግን ሞጣ ላይ ዛሬም ክኒን ከከተተበት እህል ጎን ይተኛል። ብለምነው፣ «እምዬ፣ ነቀዝ ሲሞት እንጂ ሰው ሲሞት አላየሁም» ብሎ ሳቀብኝ።

አይቶ ነበር ልጄ፤ አላወቀም እንጂ። አባታችሁን የገደላቸው የልብ ሕመም ነው ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው። ጋዙ እንደሚገድል ሳላውቅ፣ ክኒኑ ካለበት መጋዘን ውስጥ ጋደም እንዲሉ ያነጠፍኩላቸው እኔ ነኝ። አሁንም በሩን ስከፍት ሳላቸው ይሰማኛል።

ለዘመነ ልነግረው አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ደውለሽ ንገሪልኝ። እግዚአብሔር አንደበትሽን ያቅናልሽ፤ እኔንም ይቅር በይኝ።

እናትሽ ፀሐይነሽ