የእማዬ የስፌት መኪና ጠረጴዛ ሆነ

እሑድ፣ ጥር 10

ዛሬ እማዬን ይዤ ሲሬ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት «ቤቴን ባሮጌ ዕቃ አሳምሬዋለሁ፣ ኑና እዩልኝ» ብላን ነበር። አሳመረችው! የተሰነጠቀ ጀሪካን ወርቃማ ቀለም ቀብታ አበባ ተክላበታለች። በእሱስ ስቄ ባለፍኩ። ሳሎኑ መሐል ግን የእማዬ የስፌት መኪና እግር ቆሟል፣ ነጭ ጣውላ ተጭኖበት። እኛን አራት ልጆች ያሳደገው መኪና! እማዬ ዓይኗ ሲደክም አደራ ብላ ነበር የሰጠቻት።

«ላዩስ?» አልኳት።

«ለቆራሌው ሰጠሁት። ምን ይሠራልኛል? አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው።»

ጎረቤቷ ጫልቱ «ባይኤ ባሬዳ! በጣም ያምራል» እያለች በስልኳ አነሳችው። አንድ ቁልፍ ሰፍታ የማታውቅ እህቴ አፏን ሞልታ «የእጅ ሥራዬ ነው» አለቻት።

ሻይ ሲቀርብ እማዬ ወንበሯን አስጠጋች፤ እግሯ ፔዳሉን አግኝቶ ቀስ እያለ ይረግጥ ጀመር። ጣውላው ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ፣ ሻዩ ይፈሳል!» አለች ትዕግሥት።

እማዬ እግሯን ሰበሰበች። «ይቅርታ ልጄ» አለች።

እህቴን ንቄያት ተመለስኩ። ግን ቅድም እዚያው ሳለን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስትለኝ፣ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ያምራል» ያልኩት እኔው ነኝ።