የነጅዋ አባት ለማዕቀብ ጽሕፈት ቤቱ ያቀረበው ምስጋና

ይድረስ፦ በባሕር ማዶ፣ የአገራችንን ስም ከቀረጥ ነፃ ገበያው ለፋቀው ክቡር ጽሕፈት ቤት
ከ፦ ጃፈር፣ አልዩ አምባ፣ ሰሜን ሸዋ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። እናንተም፣ ባለቤቶቻችሁም፣ ልጆቻችሁም በያላችሁበት ሰላም እንድትሆኑ፣ በተለይም ልጆቻችሁ በሥራቸው ላይ እንዲሰነብቱ፣ ከሶላት በኋላ ዱዓ አደርጋለሁ። እኛም አልሐምዱሊላህ፣ እናንተ ያሰባችሁልን ነገር ከመድረሱ በፊት ደኅና ነበርን።

ስሜ ጃፈር ይባላል፤ አልዩ አምባ የዓርብ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ እሸጣለሁ። ሹመት የለኝም፣ ጦር አላዘዝኩም፣ ሰው አላሳሰርኩም፤ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ እንኳ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ከቅጣታችሁ የደረሰኝ ድርሻ ሲታይ ከትልልቆቹ አንዱ መስዬአችሁ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ነገሩን እናንተ ረስታችሁት ይሆናል፤ ሥራ ይበዛባችኋል። መንግሥታችን የሰው መብት ረግጧል ብላችሁ፣ ከዚህ የሚላክ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አገራችሁ እንዳይገባ ከለከላችሁ። ቀረጡ ሲጨመርበት ሱሪው አላዋጣ አለ፤ ገዢዎቹም ፊታቸውን ወደ ሌላ አገር አዞሩ። ደብረ ብርሃን ያለው የልብስ ስፌት ፋብሪካም ሠራተኞቹን በተነ፤ ከተበተኑት አንዷ የእኔ ልጅ ነጅዋ ናት። ለዚህ ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁና፣ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አነጣጠራችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ በፋብሪካው የምትሰፋው የሱሪ የኋላ ኪስ ነበር። ሙሉ ሱሪ እንኳ አይደለም፤ እግሩን ሌላዋ ትሰፋለች፣ ዚፑን ሌላዋ ትገጥማለች፣ የነጅዋ ድርሻ ኪሱ ነው። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ናችሁና፣ መንግሥታችን በዚህ ኪስ ተደግፎ እንደቆመ ደርሳችሁበት ይሆናል ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። ኪሱ ከተነሣ ዓመታት አለፉ፤ እሱ ግን ይኸው ቆሟል፤ እንዲያውም ወፍሯል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው ብዬ ልተርት አስቤ ነበር፤ በእናንተ ፊት መተረት ድፍረት ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ፤ እኛ ማዕቀብ የማናውቅ ሰዎች እንዳንመስላችሁ። ከእኛ ዝቅ ብሎ በወንዙ ዳር በመስኖ የሚያርሱ ሰዎች፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል ሰው ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ የውሃ አባት ይሉታል። ዘሥላሴ የሚባል የውሃ አባት ነበር። ሰውየው ተራውን ለዘመዶቹና ሙክት ለሚያመጣለት መስጠት ጀመረ፤ ለምን ያለውን ሰው ደግሞ ሽንኩርቱን በጥም ያደርቅበት ጀመር። ሽማግሌ ተላከበት፤ አልሰማም። ከዚያ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጦ እሳት ነፈገው። እሳት የተነፈገ ሰው ከጎረቤት እሳት አይጭርም፣ ሰላም የሚለው የለም፣ ለማሳው ደቦ የሚወጣለት የለም።

ክቡራን ሆይ፣ እዚህ ላይ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ሽማግሌዎቹ የዚያን ቀን ብዙውን ሰዓት የፈጁት ማን እንደሚቀጣ ሳይሆን ማን እንደማይቀጣ ሲለዩ ነበር። ሚስቱ ሰርካለም እንደ ወትሮዋ ከሴቶች ጋር ውሃ ትቅዳ ተባለ። ከብቶቹ ከአገሩ ከብት ጋር ይሰማሩ ተባለ። ቤቱ እህል ቢያልቅ ለእሷ ይሰፈርላት ተባለ። ውሃውን የሸጠው እሱ እንጂ እሷ አይደለችማ። ማሽላው ሲደርስ ዘሥላሴ ወፍ በወረሰው ማሳ መካከል ብቻውን ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሽማግሌዎቹ እግር ወደቀ፤ ውሃውንም ለሌላ አስረከበ።

ይህን ያነሣሁት ልኩራራባችሁ አይደለም። ይኸንኑ ቅጣት ቆይተን ደመወዝ በሚበላ አንድ ሹም ላይ ሞከርነው፤ ጉድ ሆንን። እሳቱን በክብሪት አነደደ፣ እህሉን በሞተር ብስክሌት ከደብረ ብርሃን አስመጣ፣ ሰላም አለማለታችንን ደግሞ እንደ ዕረፍት ቆጠረው። ያን ጊዜ የገባን ነገር፣ እሳት የሚነፈገው እሳት ከእኛ የሚጭር ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የእኛ ሹማምንት ሱሪ ሰፍተው የሚበሉ መስለዋችሁ ከሆነ፣ ማን እንደነገራችሁ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ስለ ወዳጄ ስለ ይርጋ ነው። ይርጋ ከአንኮበር ገብስ ያወርድልኛል፣ እኔ ጨው አሸክመዋለሁ፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። የወንድሙ ልጅ ያለ ፍርድ ታስሮ ነበርና፣ የእናንተ ማዕቀብ በራዲዮ በተነገረ ቀን ደስታውን አልቻለውም። ይበላቸው፣ አሁን ሳይወዱ ይፈቱታል እያለ በግ ሊያርድ ምንም አልቀረው። ልጄ ሥራ ልትፈታ ነው ብዬ ብነግረው፣ ሥራ ይገኛል፣ የታሰረ ሰው ግን በዋዛ አይገኝም አለኝ። ተኳረፍን። አሁን ሳስበው አልፈርድበትም፤ የታሰረበት ሰው የማይጨብጠው ነገር የለም። ነገር ግን የፋብሪካው በር ሲዘጋ የእስር ቤቱ በር አልተከፈተም፤ የወንድሙ ልጅ ዛሬም እዚያው ነው። ሹማምንቱ ግን ተጠቀሙ። ስኳር ጠፋ፣ ዘይት ተወደደ፣ መንገድ ተበላሸ ባልን ቁጥር ስብሰባ እየጠሩ፣ የችግራችሁ ሁሉ ምክንያት ባዕዳን ናቸው ይሉናል። ስለ ፋብሪካው የተናገሩ ዕለት፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀበሌ ሹም እውነት ሲናገር ሰማሁ። ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛ፤ በእናንተው አገር ሌላ ወገን እንዳለም ሰምቻለሁ። ገበያ ክፍት ይሁን፣ ሸቀጥ ሲገባና ሲወጣ አምባገነን ቀስ በቀስ ይገራል የሚሉ ሊቃውንት ናቸው አሉ። ለእነሱም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ፋብሪካው በደራበት ጊዜ እነ ነጅዋ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብለው ጠይቀው ነበር። የጠየቁት ሁለቱ በማግሥቱ ተባረሩ፤ አንድ ሹም መኪናውን አስነሥቶ መጣና፣ ኢንቨስተር የሚያስቀይም የአገር ጠላት ነው ብሎ አስፈራርቷቸው ሄደ። ኮንቴይነሩ በየጊዜው ይወጣል፣ የውጭ ምንዛሬው ይገባል፣ ሹሙ ይደልባል። የተገራ ነገር አላየሁም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ይሁንና ሐቅ ሐቅ ነው፤ ያ ንግድ አንድ አምባገነን ለውጧል። እሱም እኔ ነኝ።

ነጅዋን ለአንድ ወዳጄ ልጅ ቃል ገብቼለት ነበር። እሷን አልጠየቅኋትም፤ በቤቴ ሴት ልጅ ተጠይቃ አታውቅም። ፋብሪካው ባረፈበት አንድ እሑድ ከደብረ ብርሃን መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እህል ውሃዬን ከስፌት መኪናው እያገኘሁ ነው፣ የማላውቀውን ሰው አላገባም፣ አንተን ግን እወድሃለሁ አለችኝ። ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ። እናቷ አፊፋ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ አኮረፍኩ፤ ምግብ እንኳ ብቻዬን በላሁ። እሷ ምን ቸገራት፣ መምጣቷን አላቋረጠች፤ ለታናሿ ለኢክራማ ደብተር ትይዝላታለች፣ እኔን ስቃ ሰላም ትለኛለች፣ ደጅ ወጥታ ከሰው ጋር ትጨዋወታለች። ኩርፊያ ለብቻ አይጣፍጥም። እያደር፣ ጨዉን አሁን እንሽጠው ወይስ እናቆየው ብዬ እሷን ማማከር ጀመርኩ፤ ኢክራማም ከጎኗ ቁጭ ብላ ሐሳብ ትሰጥ ጀመር። ወላሂ፣ ጦር ሳይዘምትብኝ በገዛ ቤቴ ምክር ቤት አቋቋምኩ። እናንተ የበተናችሁት ይህንን ምክር ቤት ነው።

ሥራው ሲቀር ነጅዋ ቤት ተመለሰች። የጋብቻውን ነገር ዳግመኛ እንደማላነሣው በአላህ ስም ማልኩላት። አመነችኝ። ነገር ግን በሰው እጅ እየበሉ በራስ አፍ መናገር አይሆንልኝም አለች። ሌላ ሥራ ፈለገች፤ ከፋብሪካው የተበተኑት ሁሉ እሱኑ ይፈልጉ ነበርና አላገኘችም። ደላላ መጣ። ደላላ መቼም የጨነቀው ቤት አይጠፋበትም። ወደ ዐረብ አገር፣ ለቤት ሠራተኛነት፣ ሄደች።

አምስተኛውን በቁጥር ለመጻፍ ስላልቻልኩ ምስጋናዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ልጄ የሄደችበት አገር ንጉሥ አለው። ምርጫ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የተናገረ ይታሰራል፣ የታሰረ አይጠየቅም። የነጅዋ ፓስፖርት በአሠሪዋ ቁም ሣጥን ተቆልፎባታል። ውሏ አልቋል፤ ልሂድ ስትል ገና ነው ይሏታል። ከበሩ አትወጣም። ስልክ የሚሰጣት ማዳሟ ደስ ሲላት ነው። ባለፈው ስትደውል ድምፅዋን ስሰማ ናፍቆቱ አልቻል ብሎኝ ጮኼ ተናገርኩ መሰለኝ፣ ያቺ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እንቢ ያለችኝ ልጅ በሹክሹክታ፣

«አባ፣ ድምፅህን ቀንስ፤ ማዳም ትሰማለች» አለችኝ።

ቀነስኩ። አልዩ አምባ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መደቤ ላይ ተቀምጬ፣ ባሕር ማዶ ያለች አይቻት የማላውቃት ሴት ፈርቼ አንሾካሾክኩ። 

በዚያው ሰሞን ገበያው መሐል ካለ ሱቅ በቴሌቪዥን የእናንተን ትልቅ ሹም አየሁት። ከዚያው ንጉሥ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይስቃል። የንግድ ስምምነት ፈርመዋል አሉ፤ ነዳጁ ወደ እናንተ ይመጣል፣ አውሮፕላኑና መሣሪያው ወደ እሱ ይሄዳል። አንድ ጋዜጠኛ ስለ ሰው መብት ጠየቀው። ሹማችሁ ምንም ሳይደናገጥ፣ ከማግለል መቀራረብ ይሻላል፣ ንግድ የተዘጋ በር ይከፍታል ብሎ መለሰ። ትርጉሙን ከሥር ያነበበልኝ ባለሱቁ ነው። ደግመህ አንብብልኝ አልኩት፤ ስሕተት የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የትኛው እንደሚሻል አልወስንላችሁም፤ ለእሱ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች አሏችሁ። በትሕትና የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። መዝጋት አምባገነንን የሚለውጥ ከሆነ፣ ለእኛ የሰጣችሁትን ለንጉሡም አትንፈጉት፤ ዝጉበት። መክፈት የሚለውጥ ከሆነ ደግሞ፣ ይኸው ከፍታችሁለታል፤ መለወጡን አረጋግጡልኝ። ለማረጋገጥ አገር ላገር መዞር አያስፈልጋችሁም፤ ከአንዲት ማዳም ቁም ሣጥን አንድ ፓስፖርት ማስወጣት ይበቃል። በሱሪ ቀረጥ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ክንዳችሁ፣ በወዳጃችሁ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ቁም ሣጥን ጋ ለመድረስ ያጥራል ብሎ ማሰብ እናንተን መናቅ ይሆንብኛል።

አላህ ረጅም ዕድሜና ጤና፣ ቢተርፈው ደግሞ ጥቂት እፍረት እንዲሰጣችሁ እየተመኘሁ፣ ከወንበራችሁ በታች ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪያችሁ
ጃፈር፣ የነጅዋና የኢክራማ አባት

ግልባጭ፦
ለራሳችን መንግሥት፤ ቢያነበው ይሻላል፣ ባያነበውም ስብሰባ ባይጠራበት።
ለወዳጄ ለይርጋ፤ ታርቀናል።

ማስታወሻ፦ ደላላው ባለፈው ዓርብ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ኢክራማ የፓስፖርት ፎቶ ተነሥታለች። እንቢ ብያት ነበር፤ እሷ ግን ሄጄ እህቴን ይዣት እመጣለሁ ብላ ልቧን አጽንታለች። ስለዚህ መልሳችሁ ከዘገየ ወደ አልዩ አምባ በመላክ አትድከሙ፤ ለሚቀጥለው ስምምነት ወደ ንጉሡ ስትሄዱ በዚያው ያዙት፤ ሁለቱንም እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።