ለመጨረሻው የሸምበቆ ወፍ ስለተዘጋጀው የፎቶ ምሽት

ለተከበሩ የቪርባን ረግረግ ጥብቅ ሥፍራ ኃላፊ፣ ለኢንጂነር ፕላመን ድራጎስቲኖቭ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የጸና ይሁን እያልሁ፣ ባለፈው ሳምንት ስላዘጋጁልን የወፍ እይታና የፎቶግራፍ ምሽት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህርት ስሆን፣ በዚሁ ረግረግ ማታ ማታ እንደ በሬ የሚያጓራውን የሸምበቆ ወፍ አሥራ አንድ ዓመት ስቆጥር ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ለመቁጠር አልተቸገርሁም፤ የቀረው አንድ ወንድ ብቻ ነበርና።

አንደኛ፣ ለእንግዶቹ እይታ እንዲያምር ሸምበቆውን እስከ ውኃው ዳር ስላሳጨዱልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወፉ መደበቂያ ቢያጣም፣ የከንቲባው ባለቤት ጫማ ከጭቃ ተርፏል።

ሁለተኛ፣ ባኒጻ የሚሉት የአይብ ቂጣ ትኩስ ነበር፣ ራኪያ የተባለው አረቄም እስኪበቃን ተቀድቶልናል።

ሦስተኛ፣ ወፉ አልወጣ ሲል፣ አስጎብኚዎ ጋሊን የሌላ ወንድ ወፍ ጩኸት በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ስላወጣልን አመሰግናለሁ። ለፎቶ አንሺ ይህ ትንሽ ዘዴ ነው፤ ለወፉ ግን ከእሱ የበረታ ባላጋራ ግዛቱን ሊነጥቀው መጣ ማለት ነው። አንገቱን አስግጎ የሌለ ጠላት ሲፈልግ አመሸ፤ ሠላሳ ካሜራም ተንጣጣበት። እንዲዘጋው ጋሊንን ብለምነው፣ ያስተማርሁት ልጅ ነውና ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ ቬኔታ፣ እሱ ራሱ ነው የወጣው፤ ማን ጎተተው?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። አልደብቅዎትም፣ ከመለመኔ በፊት እኔም አንድ ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ምሽት በመመልከቻዋ ጎጆ ተቀምጬ አዳመጥሁ። የሚሰማው የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ነው። ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ብደውል፣ ጸሐፊዎ ወፉ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል ብላ ቀለደችብኝ። ክቡር ሆይ፣ ተስፋዬ ተሟጧል፤ ወዴት አቤት እንደምል ጠፍቶኛል። ምናልባት ይመለስ እንደሆነ፣ ሸምበቆው እስኪያድግ ድረስ እባክዎ የረግረጉን በር ለጎብኚ ይዝጉልን።

በታላቅነትዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ባዶ የወፍ ቆጠራ ደብተሯን የታቀፈች ትሑት አገልጋይዎ፣
ቬኔታ ካራጆቫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምሽቱ በመጪው ቅዳሜ እንደሚደገም ማስታወቂያውን አየሁ። አደራዎን፣ ድምፅ ማጉያውን እንዳይረሱት፤ በረግረጉ የሚያጓራ ከእሱ ሌላ አልቀረንም።