«አንቲ» ተብዬ ስለተለጠፍኩበት የሐዘን ማስታወቂያ

ለተከበሩ የቤተ ዘመዳችን አለቃ፣ ለናና ጃሜራ
ማምፖንግ

ክቡር አጎቴ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ ጉልበትዎን ከሪህ፣ ብዕርዎን ከስሕተት ይጠብቅልን። እኔ የእህትዎ የሰርዋ ልጅ ኮናዱ፣ ልጄን አፍሪዬን በሦስት ዓመቷ ወባ ነጥቆኝ ከቀበርኳት ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ለምስጋና የዘገየሁትም ስለዚህ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ስላስለጠፉት የሐዘን ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ፎቶዋ ያምራል። ከሥሩ «እናት፦ ፍሬማ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ወደ ታች፣ ከጎረቤቶች ጥቂት ከፍ ብዬ፣ «አንቲ»፣ ማለትም አክስት፣ ተብያለሁ። በእኛ ቋንቋ የእናት እህትም እናት ናትና፣ እኔን ዝቅ የሚያደርጉበት ቃል ቢያጡ ከእንግሊዞች ድረስ ሄደው ለመበደር መድከምዎ አስደንቆኛል።

ሁለተኛ፣ ማህፀኔ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ታናሽ እህቴ ፍሬማ የእኔንና የባሌን ጽንስ ዘጠኝ ወር እንደተሸከመችልን ሐኪሙ ፊትዎ ቀርቦ ሲያስረዳ፣ «እናትማ የታቀፈችው ናት፤ እንቁላል የጣለችው ምን አላት!» ብለው ጉባኤውን አሳቁ። የዳክዬ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ፣ ጫጩቶቹ ውሃ ሲገቡባት ዳር ቆማ ስትጮህ አይተው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ «ሆድ ተከራይዋ መጣች!» ይሉኛል። ይህ ቀልድ የእርስዎ ልጅ ነው፤ የእሱን እናት ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ለቅሶው ላይ ፍሬማን ከእናት ወንበር አስቀመጧት። እሷም ተነስታ «ናና፣ እኔ ተሸክሜ አደረስኳት እንጂ እናቷ ይቺውና! በሞቴ፣ እህቴን አይግደሉብኝ» ስትልዎ «ሐዘን ነው የሚያናግራት» አሉ። እኔን ሐዘን እንኳ እንዲያናግረኝ አልፈቀዱም። ናና፣ ልጄ ናት። ይህን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ አጣሁ።

የመቃብሯ ድንጋይ ገና አልተቀረጸም። ስሜን ከፍሬማ ጎን፣ በራሳችን ቃል፣ «እናቶቿ» ብለው እንዲያስጽፉልኝ እለምናለሁ።

ከጫማዎ ሥር የምገኝ፣ በማስታወቂያዎ መሠረት የገዛ ልጄ አንቲ የሆንኩ፣
ኮናዱ

ማሳሰቢያ፦ በመጨረሻዋ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ «እማ» ብላ ተጣርታ ነበር። ክቡርነትዎ ዘንድ ሰው ልከን ማንን እንደሆነ ለማስጠየቅ ጊዜ ስላልነበረን፣ ሁለታችንም «ወዬ» አልናት።