አዋላጇ እኅታችን ባልተደፈነ ቦይ ምክንያት ስለማለፋቸው

የአዋላጅ ነርሶች ማኅበራችን አባል፣ ለአሥራ አራት ዓመታት በጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ያገለገሉት እኅታችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሁለተኛ ልጃቸውን በተገላገሉ በሦስት ሰዓት ውስጥ በደም መፍሰስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል። እጅግም ተቆጥቷል፤ ይህንንም ለመደበቅ አይፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በድንገተኛ ሕመም» ይላል። ስለ ሞታቸው ድንገተኛ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኅታችንን እናቶች «ሲስተር ቶሎ» ይሏቸው ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ የሚንቀረፈፍ ቤተሰብ ሲያዩ «ቶሎ በሉ እንጂ! ልጁ እኮ ቀጠሮ አያውቅም» ስለሚሉ ነው።

በአገልግሎታቸው አምስተኛ ዓመት፣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት እናቶች ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ መንገድ ላይ ሞቱ። እኅታችን የጤና፣ የመንገድ፣ የውሃና የመብራት መሥሪያ ቤቶችን፣ የታክሲ ነጂዎችንም ጭምር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡ። አንድ ኃላፊ «ይሄ የጤና ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ቢሏቸው፣ «እናትየዋ መንገድ ላይ ስትሞትብን የየትኛው ቢሮ ሟች ልንላት ነው?» ብለው መለሱ። የጋራ ኮሚቴው የተቋቋመው በዚያን ዕለት ነው።

በሰባተኛው ዓመት ማዋለጃ ክፍሉ የማይቋረጥ ውሃና መብራት አገኘ። ታክሲ ነጂዎችም ምጥ የያዛትን እናት ተራ ሳይጠብቁ ይጭኑ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ለአራት ዓመታት ከጤና ጣቢያው የተላከች አንዲትም እናት መንገድ ላይ አልቀረችም።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት «መዋቅር እስኪስተካከል» ተብሎ የኮሚቴው ስብሰባ ቆመ። መዋቅሩ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።

ባለፈው ዓመት የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቧንቧ ለመቅበር ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን ዋና መንገድ ቆፍሮ ሄደ። ውሃ «መድፈን የመንገድ ሥራ ነው» አለ። መንገድ «የቆፈረ ይድፈን» አለ። ጤና አይመለከተኝም አለ። እኅታችን ሆዳቸው ገፍቶ የየቢሮውን ደረጃ እየወጡ አምስት ደብዳቤ አስገቡ። አንዲት ጸሐፊ አዝናላቸው «ሲስተር፣ አሁን እንኳ ይረፉ እንጂ» ብትላቸው፣ «እኔስ የምሄደው በየት መስሎሽ ነው?» አሏት።

ማክሰኞ ዕለት ባልደረቦቻቸው የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሆስፒታሉ ደም አዘጋጅቶ፣ ሐኪሞቹም ቆመው ይጠብቁ ነበር። አምቡላንሱ ተለዋጭ መንገድ ሞክሮ ጭቃ ያዘው፤ በሰው ግፊያ ወጥቶ ተመለሰና ቦዩ አፍ ላይ ቆመ። ከማዶ አንድ ታክሲ ነጂ ተሳፋሪዎቹን አወረደ፤ ተሳፋሪዎቹም ቃሬዛውን ተቀባብለው ወደ ታክሲው አሻገሩ። እኅታችን ደሙን ለማቆም ማኅፀናቸውን ታሽ የነበረችውን ወጣት አዋላጅ «እጅሽን እንዳታነሺ፣ የኔ እናት» ይሏት ነበር። አላነሳችም። ሃያ ደቂቃ የሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ እኅታችን በሆስፒታሉ በር ላይ ዐረፉ።

ቦዩ በቀብራቸው ማግስት ተደፈነ። ሥራው የጠየቀው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር።

ማኅበሩ ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች የተላኩለትን የአበባ ጉንጉኖች መልሷል። የጋራ ኮሚቴው በዚህ ሳምንት እንዲሰበሰብ፣ ለአምስቱም ደብዳቤዎች ያልተሰጠው መልስ በጽሑፍ ለባለቤታቸው እንዲደርስ ይጠይቃል።

ለባለቤታቸው ለመምህሩ፣ ለወላጅ እናታቸው፣ ለስምንት ዓመት ልጃቸው፣ እጃቸው ላይ ላጧቸው ባልደረቦቻቸውም መጽናናትን እንመኛለን። አራስ ልጃቸው ደኅና ናት። አክስቷ ቤት ናት፤ የማዋለጃ ክፍሉ ባልደረቦች በየተራ እየሄዱ ይመዝኗታል። አድጋ ስለ እናቷ አሟሟት ስትጠይቀን፣ የማይቀር ነበር ብለን አንዋሻትም።