መጀመሪያ የቱ ይቀየር?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

የኔ ዓለም፣ የኔ ወላቃ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? ጥርስሽ ከሞላ ስንት ዘመኑ፣ እኛ ግን አሁንም ወላቃ እንልሻለን። ምን ታደርጊዋለሽ፣ አባትሽ ያወጣው ስም በዋዛ አይፋቅም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ማጉረምረም ጀምሯል እንጂ ድምፄ እንዳለ ነው። የምንኖረው በሱ ስለሆነ ሌላው ቢያረጅ ግድ የለኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት ትይ ይሆናል። በዚህ ቤት ማይክ የማይሰማው ወሬ እንደሌለ ታውቂያለሽ። መኝታ ቤትሽ ስቱዲዮ ከሆነ ወዲህ ግድግዳው ስፖንጅ ለብሷል፣ በሩ ላይ ያንቺ የድሮ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ሰው በገዛ ቤቱ ጮክ ብሎ ማስነጠስ እንኳ አልቻለም። ደግሞም በስልክ ከጀመርኩት አልቅሼ የማልጨርሰው ነገር ነው።

መጀመሪያ የአባትሽን መልእክት ላድርስ። እንዲህ ብሏል። "ወላቃን ጠይቂልኝ። እሷ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ታውቃለች። ከዕቃዎቹ መጀመሪያ የቱን ልቀይር? ስፒከሮቹን፣ ማይኩን ወይስ ሳውንድ ካርዱን? ሁሉንም ባንዴ አልችልም። እሷ ያለችውን አደርጋለሁ።" እሷ ያለችውን አደርጋለሁ ማለቱን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው መጻሕፍት በድምፅ የሚያሠራን አሳታሚ ያነበብኩትን የልጆች ተረት የመለሰው ቀን ነው። "የባለቤትዎ ድምፅ ጆሮ ይወጋል" አለው ለአባትሽ። 'ስ' እና 'ሽ' በመጡ ቁጥር መርፌ ነው አለ። ደግሞ በየመሃሉ አንድ ነገር ጢጥ ይላል፣ ይሄ ከተደገመ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ አለ። አባትሽ ደሙ ፈላ። መጀመሪያ ገመዱን ቀየረ። ከዚያ ጥፋቱን ማይኩ ላይ አላከከ። ከዚያ ከጓደኛው ሳውንድ ካርድ ተውሶ መጣና እሱንም ሰድቦ መለሰው። አሁን ተከሳሾቹ ስፒከሮቹ ናቸው።

ጢጥ የምትለዋ ማን እንደሆነች ልንገርሽ? ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለችው የጭስ ማስጠንቀቂያ ናት። ባትሪዋ ሲያልቅ እንደዚያ ታደርጋለች። አባትሽ ልክ ከሥሯ ቆሞ "ሰውየው የምን ጢጥታ ነው የሚያወራው? አብዷል እንዴ?" አለኝ። ያን ጊዜ እሷ ጢጥ አለች። እሱ ዓይኑን እንኳ አላነሳም። እኔ ቀና ብዬ እሷን አየሁ፣ ዝቅ ብዬ እሱን አየሁ።

ወላቃዬ፣ አባትሽ መስማት እያቃተው ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁሉ ይገለጥልኝ ጀመር። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከኩሽና ስጠራው ዝም ይለኛል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ መስሎኝ ስንቴ ተቀይሜዋለሁ መሰለሽ! ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የጠፋበት። ስለማይሰማው ቀረጻው ላይ ይጨምረዋል፣ አሁንም ሳሳብኝ ይላል፣ እንደገና ይጨምረዋል፤ ምላሱ የደነዘዘ ሰው ምግብ ላይ ጨው እንደሚሞጅር ማለት ነው። እሱ ልክ መጣልኝ ሲል የሌላው ሰው ጆሮ ይደማል።

ጆሮ ሐኪም ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። "የሚያመው እርስዎን ነው?" አለኝ። "አይ፣ ባለቤቴን ነው" አልኩት። "እሱስ የት አለ?" ሲለኝ "ስፒከር እየመረጠ" አልኩት። አልሳቀም። ሳላየው ብዙ ልል አልችልም፣ ግን ያሉኝ ሁሉ እውነት ከሆነ ቶሎ ያምጡት አለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በመስሚያ መሣሪያ ልንረዳው እንችላለን፣ በዘገየ ቁጥር አእምሮም ድምፅ መለየት እየረሳ ይሄዳል፣ ያኔ መሣሪያውም ብዙ አይጠቅመውም አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረስቻለሁ።

አልነገርሽውም ወይ አትበይኝ። "ጆሮህን ብትታይስ?" ብዬው ነበር፣ እንደ ቀልድ አድርጌ። ሹካውን አስቀመጠ። "እኔ በጆሮዬ ነው ሰው የሆንኩት። አንቺም ከሰውየው ጋር ወገንሽ?" አለኝና ተነሥቶ ስቱዲዮው ገባ። ስንት ቀን አኮረፈኝ መሰለሽ፤ ሲያናግረኝም ስለ ገመድ ብቻ ነው። ልጄ፣ ደግሜ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። እፈራለሁ። ይሄን ሰው ከዚያች የስቱዲዮ ወንበር ላይ ያነሣሁት እኔ እንዳልሆን እፈራለሁ።

ባለፈው "አባዬ ተቀይሞኛል ወይ? ትቼው ስለሄድኩ ነው?" ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ስልኩን ወዲያው ለኔ የሚያቀብለኝ ተቀይሞ አይደለም። የምትይውን ስለማይሰማው ነው። "ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺ አናግሪያት" ይለኛል። ከዚያ የት የሚሄድ ይመስልሻል? በሩን ተደግፎ ቆሞ እኔን ያያል። ስስቅ ይስቃል። ፊቴ ትንሽ ከከፋው "ምን ሆነች? ምን አለች?" ይላል። ወሬሽን ከፊቴ ላይ ነው የሚለቅመው።

ስፒከር የሚፈትነው በምን እንደሆነስ ታስታውሻለሽ? የፊት ጥርሶችሽ ወልቀው ሳለ ከአንድ እስከ ዐሥር እያስቆጠረ የቀዳው ድምፅሽ። ሰባት ስትይ በክፍተቱ መሃል ታፏጪ ነበር። "ያቺን ፉጨት የበላ ስፒከር ቤቴ አይገባም" እያለ ስንቱን ነጋዴ አስመርሯል። አሁን ግን የራሳችንን ስፒከር ከፍቶ "ፉጨቷን በላው" አለ። ሱቅ ይዞኝ ሄዶ የተሻለ የተባለውን አስከፈተ፣ "ይሄም በላው"። ከዚያም በላይ ያለውን አስከፈተ። ሻጩ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አንቺ እስከ ሱቁ በር ድረስ ታፏጫለሽ። እሱ ግንባሩን ስፒከሩ ላይ አስደግፎ "የት ሄደች?" ይላል።

የፊታችን ቅዳሜ ሰው መጥቶ ማይኩን ሊያይ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ያነበብኩበትን፣ አንቺም ሰባት ያልሽበትን ማይክ። እሱን ሽጦ፣ አይቶት የማያውቀውን ስፒከር ከሩቅ ሊያስመጣ። እሱም ሲመጣ ፉጨትሽን ይበላዋል፤ ከዚያ ምን ይሸጣል? ከዚያ ማንን ጥፋተኛ ያደርጋል?

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ስሚ። ሥራው ሳይላክ በመጨረሻ ድምፅ በሚያስተካክለው ማሽን፣ በሚክሰሩ በኩል ነው የሚያልፈው። አባትሽ ጨርሶ ለእግር መንገድ ሲወጣ እኔ እገባና የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ ዝቅ አድርጌ እንደገና እቀዳዋለሁ። ከዚያ ማዞሪያውን ወደነበረበት መልሼ፣ ወንበሩንም መልሼ፣ እንደ ሌባ ሹልክ እላለሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያዋንም ባትሪ ቀይሬላታለሁ። አሳታሚው ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጉረመረመም። አባትሽ "አየሽ፣ ገመዱ ነበር" ይለኛል፣ እኔም "አዎ፣ ገመዱ ነው" እላለሁ።

ባለፈው ዐርብ ግን የበር ደወል ተደውሎ ስሮጥ ማዞሪያውን ሳልመልሰው ቀረሁ። አባትሽ ተመልሶ ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነፍሴ ልትወጣ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ "ራት አልደረሰም?" አለ።

በማግስቱ እሱ ሲወጣ ገባሁ። ማዞሪያው እሱ ወደሚተወው ቦታ ተመልሷል። ግን ከጎኑ ቀጭን ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ጥፍር የምታህል። እጄ የምታቆምበት ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ። እንዳልሳሳት ምልክት አድርጎልኛል።

ያን ማታ ነው "ወላቃን ጠይቂልኝ፣ እሷ ያለችውን አደርጋለሁ" ያለኝ። ሲለኝ ፊቴን አላየም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። ሁለታችንም እያወቅን ገመድ ገመድ እንባባላለን።

ስለዚህ ልጄ፣ እባክሽ፣ ከቅዳሜ በፊት መልሺለት። በስልክ አይሆንም፣ ጽፈሽ ላኪለት፣ ፊደሉንም ትልቅ አድርጊው። ስፒከርም ማይክም አትበዪው። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ እኔ አልነግርሽም፤ ከእሱ የተማርሽውን ሥራ በእሱ ቋንቋ ንገሪው። ከኔ አልቀበልም ያለውን ካንቺ ለመቀበል አንገቱን ዘርግቶ እየጠበቀሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔም አብሬው ደብቄበታለሁ፣ አሁን ግን አቅቶኛል።

ስትጠሪ አቤት የሚልሽ አይጥፋ። የተናገርሽው መሬት አይውደቅ። ክፉ ወሬ ደጅሽን አይወቀው፣ እግርሽ በሰላም ወደኛ ይመልስሽ።

ሁሌም የምትሳሳልሽ
እናትሽ

ይህን ላሽገው ስል አባትሽ ከወዲያ ክፍል የልጅነት ድምፅሽን ከፈተ። አምስት አልሽ፣ ስድስት አልሽ፣ ሰባት። ፉጨትሽ እስከዚህ ይሰማኛል። እሱ መልሶ ከስድስት ጀመረሽ።